ሽፋኑ አልቋል፤ ጽሑፉ ቀርቷል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ሆለታንና አዲስ ዓለምን ካለፈ በኋላ፥ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላው ጊንጪን ያገኛል። ብዙው መንገደኛ ግን ያልፋታል እንጂ አያገኛትም። አውቶቡሱ ጥቂት ሲቆም በመስኮት እሸት ወይም የታሸገ ውኃ ይገዛና ፊቱን መልሶ ወደ አምቦ ያቀናል። እኔ ግን ከሦስት ዓመት በፊት የምደባ ወረቀቴን በኪሴ ይዤ እዚህ ወረድሁ፤ እስከ ዛሬም መልሼ አልተሳፈርሁም። አስተማሪ ነኝና የከተማዪቱን ወሬ የምሰማው ከተማሪዎች አፍ ነው። ለአንባቢ የማጫውተውም ነገር ከእነርሱ ጋር የደረሰብኝን ነው።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፥ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ደብተር ሳርም አሥራ አንድ ልጆች በሩን አንኳኩተው ገቡ። የሥነ ጽሑፍ ክበብ አባሎች ናቸው።

«ቲቸር፥ መጽሔት ልናወጣ ነው» አሉኝ። (አባቶቻችን «የኔታ» ይሉ ነበር፤ እኛና ከእኛ በኋላ የመጣነው ግን በኦሮምኛም እንናገር በአማርኛ፥ «ቲቸር» ማለትን አልተውንም።)

እጅግ ደስ አለኝ። «በሉ አሳዩኝ» ብዬ ብዕሬን አስቀመጥሁ። ከመካከላቸው ሥዕል የሚያውቀው ልጅ የእጅ ስልኩን አወጣና አንድ ሽፋን አሳየኝ። የጭልሞ ደን ከበስተ ኋላው ለምልሞ ይታያል፤ የመጽሔቱ ስም በወርቅማ ፊደል ተጽፎ ከፊደሉ ሥር ጥላ ወድቆበታል፤ በግርጌው የትምህርት ቤቱ ዓርማ አለ። ቀጥሎ ሁለተኛ ሽፋን አሳየኝ፤ ይህኛው ሰማያዊ ነው። ቀጥሎም ሦስተኛ። ሦስቱም ያማሩ ናቸው። የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤቶች ለባለ ቀለም ሽፋን ምን ያህል እንደሚያስከፍሉ ጠይቀው መጥተዋል፤ ከየክፍሉ ገንዘብ የሚሰበስብ ልጅም ተመርጧል።

«ውስጡስ?» አልኋቸው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ውስጡ ገና ነው ቲቸር። ሽፋኑ ግን አልቋል» አለ ሠዓሊው።

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው ብዬ ልስቅባቸው በቻልሁ ነበር፤ ነገር ግን አፌ አልታዘዘልኝም። ምክንያቱም የራሴ ላም ከእነርሱ ይልቅ ከፍ ብላ በሰማይ የምትሄድ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በሁለተኛው ዓመት ልብ ወለድ ልጽፍ ቆርጬ ጠንካራ ልባጥ ያለው ትልቅ ደብተር ገዛሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የመጽሐፉን ርእስ በማስመሪያ እየለካሁ በጥቁርና በቀይ ቀለም ጻፍሁ፤ ከበታቹም ስሜን ከነአያቴ። ዙሪያውን ሐረግ አዞርሁበት። ለዚህ ሥራ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። በሦስተኛው ሌሊት ጽሑፉን ልጀምር ብቀመጥ እጄ ፈራ። እንዲህ ባማረ ደብተር ላይ የተሰረዘ ቃል፥ የተበላሸ ዐረፍተ ነገር እንዴት ይቀመጥበታል? ያ ደብተር ዛሬም ጊንጪ ከመጻሕፍቴ መካከል አለ። ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው። በኋላም ኮምፒዩተር ሳገኝ ሌላ ምክንያት ተገኘልኝ። አንዱ የፊደል ዓይነት ወፍራም፥ አንዱ ቀጭን፥ አንዱ የብራና ጽሕፈት የሚመስል ሆኖ፥ ይህን ልምረጥ ያን ልምረጥ ስል ነጋ። ሲነጋ የመረጥሁት ፊደል ነበረኝ፤ የምጽፍበት ነገር ግን አልነበረኝም።

ይህ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ሰነፍ ሰው ሁለት ሌሊት ቁጭ ብሎ ሐረግ አይሥልም። ነገሩ ሌላ ነው። ጌጥ የሚሠራ ሰው ሥራው ከእጁ ሥር ሲያምር ያየዋል፤ ቀለሙን ቢለውጥ «ተሳስተሃል» የሚለው የለም። የሚጽፍ ሰው ግን ሦስት መስመር ሳይሄድ፥ አውቃለሁ ያለውን ነገር እንደማያውቀው ይገለጥለታል። ይህም ያስፈራል። ከዚህ ፍርሃት ለመሸሽ ከሽፋን የተሻለ መሸሸጊያ የለም፤ ምክንያቱም ሲሸሹ እየሠሩ ይመስላል።

አያቶቻችን ይህን ነገር በብራና ላይ መላ አግኝተውለት ነበር። ቁም ጸሐፊ የሚባለው ባለሙያ ሥራውን ሲጀምር በምን እንደሚጀምር ልብ ይሏል። ቆዳው ተወጥሮ፥ ተፍቆና ደርቆ ብራና ከሆነ በኋላ ዳርና ዳሩን በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ቀለም የሌለው መስመር እየጫነ ያሰምራል። ከዚያ የመቃ ብዕሩን ቀርጾ፥ ከጥላሸት የተሠራውን ጥቁር ቀለም ከቀንዱ እየጠቀሰ ይጽፋል። ቅዱሳን ስሞችና የምዕራፍ መነሻዎች በቀይ የሚጻፉ ናቸውና ስፍራቸውን እየተወ ያልፋል፤ በኋላ ቀዩን ይዞ ይመለሳል። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው እጅ ሥራ ነው። ለሥዕል የተተወው ስፍራ ሠዓሊ ሳያገኝ ባዶውን የቀረ የብራና መጽሐፍ ዛሬም ይታያል። መጽሐፉ ግን ተነቧል፤ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። በየቤቱ ሲደገም የኖረው ዳዊትም አብዛኛው ሥዕል የለበትም።

ይህን ስል ጌጥ አይረባም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ይህን የምጽፈው በሥዕል በተሞላ መጽሔት ላይ መሆኑንም አልዘነጋሁም፤ አዘጋጁም ከዚህ ጽሑፍ ጎን አንድ ፎቶግራፍ ሳያስገባ እንደማይቀር አውቃለሁ። በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ ሥዕላቸውም ዓለም የሚያደንቀው ነው። እኔ የምናገረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። በወስፌ የተሰመረው መስመር ጌጥ አይደለም፤ ዓይን እንዳይስት የተደረገ ነው። ቀዩም ቀለም ቢሆን አንባቢው የቱ ላይ እንደ ደረሰ ይነግረዋል። ጸሐፊው እነዚህን በቅድሚያ ያስባል፤ ሐረጉ ግን የሚያጅበው ቃል ሳይኖር ብቻውን አይቆምም።

የአገራችን ጋዜጣም ከዚህ የራቀ አጀማመር የለውም። በአጼ ምኒልክ ዘመን፥ በ1890ዎቹ ዓ.ም.፥ እንድርያስ ካቫዲያ የሚባል ግሪካዊ በየሳምንቱ አንድ ወረቀት ያወጣ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ «አእምሮ» የሚል ስም አወጡለት ይባላል። ይህ ጋዜጣ መጀመሪያ የወጣው በእጅ እየተጻፈ ነው፤ ቁጥሩም 24 ያህል ብቻ ነበር ይባላል። በኋላ ማባዣ መሣሪያ መጣለት፤ ማተሚያ ቤት የገባው ከዚያ ወዲያ ነው። ከእርሱ ጋር በዚያው ዘመን ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላ ማርያም የሚባሉት ሰው አሳባቸውን በወረቀት እየጻፉ ያሠራጩ እንደ ነበረ የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ። እነዚህ ሰዎች ማተሚያ መኪና እስኪመጣ፥ ሽፋን እስኪያምር አልጠበቁም። የሚነገር ነገር ነበራቸው፤ ወረቀትና ቀለምም ነበረ፤ ጻፉ። «ብርሃንና ሰላም» በታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. መውጣት ሲጀምር፥ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ያነበበ ትውልድ ቀድሞ ነበረው።

ወደ ልጆቼ ልመለስ። ሽፋኑን አላጣጣልሁባቸውም። «ሽፋኑ በስልኩ ውስጥ ይቀመጥ፤ አይጠፋም። ገንዘቡም አይሰብሰብ። እስከዚያ ግን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ነጭ ወረቀት በእጃችን ጽፈን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ» አልኋቸው። ፊታቸው እንደ ጠቆረ አየሁ። ከወርቅማ ፊደል ወደ ነጭ ወረቀት መውረድ ቀላል ነገር አይደለም። ይልቁንም ሠዓሊው ልጅ ሁለት ሳምንት ያህል ከክበቡ ቀረ።

የሚጽፉትን ለማግኘት የተጠቀምሁበት ዘዴ ከመሥሪያ ቤት የተዋስሁት ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጻፍ ከቀኑና ከቁጥሩ፥ ከተቀባዩም ስም ቀጥሎ «ጉዳዩ» የሚል መስመር አለ። ብዙ ሰው በዚህ ነገር ይቀልዳል፤ ድርቅ ያለ የቢሮ ልማድ ይመስለዋል። እኔ ግን በአማርኛ ጽሕፈት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ብልኅ ነገር የተፈጠረ አይመስለኝም። «ጉዳዩ» ካልተጻፈ ደብዳቤው አይጀመርም፤ ጸሐፊው ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅም «ጉዳዩ» አይጻፍም። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ በወረቀቱ አናት ላይ «ጉዳዩ» ብሎ አንድ መስመር እንዲጽፍ አዘዝሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ወረቀቶች «ስለ ትምህርት ጥቅም»፥ «ስለ ፍቅር»፥ «ስለ ጊዜ» የሚሉ ነበሩ። «ይህ የነገር ስም ነው እንጂ ጉዳይ አይደለም። ፈቃድ የሚጠይቅ ሠራተኛ ጉዳዩ ላይ ስለ ዕረፍት ብሎ አይጽፍም፤ የዓመት ዕረፍት ፈቃድ ስለ መጠየቅ ይላል» ብዬ መለስሁላቸው። ሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ተሻለ። አንዱ ልጅ በክረምት ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ጻፈ። የጊንጪ ዙሪያ መሬት ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ውኃ ይይዝና እግር ያሰጥማል፥ በጋ ሲገባ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ልጁ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ የሚሄድባቸውን ስፍራዎች አንድ በአንድ ቆጥሮ ነበር። ይህ ወረቀት ሲለጠፍ ቆመው ያነበቡት ብዙ ናቸው፤ «የእኛን መንገድ ረሳኸው» ብለው የተከራከሩትም አልጠፉም።

በጥር ወር ግን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ያመጣችው ወረቀት ሁላችንንም አስደነገጠን። አናቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጉዳዩ፦ የእናቴ ጤፍ በገበያ ሚዛን ላይ ስለ መጉደሉ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትዋ ከምርቱ ጥቂት ጥቂት ጤፍ በማዳበሪያ እያደረጉ ለነጋዴ ይሸጣሉ። ቤት በጣሳ ሰፍረው የወጡት እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁልጊዜ ያንስባቸዋል። እርሳቸውም «የእኔ ጣሳ ነው የሚዋሽ» ይላሉ። ልጅቱ ግን አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ያህል እንደሚመዝን በፊዚክስ ተምራለች። ባለ አንድ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ይዛ ሃያ ጊዜ እየቀዳች አንድ ጀሪካን ሞላች። ከዚያ ጀሪካኑን ተሸክማ ከሦስት ነጋዴዎች ዘንድ ሄዳ «እባካችሁ መዝኑልኝ» አለች። አንደኛው ሚዛን 20 አሳየ፤ ሁለተኛው ከ21 ጥቂት ከፍ አለ፤ ሦስተኛው 18 ተኩል ላይ ቆመ። ልጅቱም በጽሑፍዋ የመጀመሪያውን ነጋዴ እውነተኛ ብላ አመሰገነች፤ ሁለተኛውን «ሚዛኑ የተበላሸ» አለችው፤ ሦስተኛውን እጅግ ወቀሰች። ሦስቱንም በስም ጠርታቸዋለች።

የጻፈችው በኦሮምኛ ነው፤ ከጓደኞችዋ አንዱ ወደ አማርኛ መለሰላት። ሁለት ገጽ ነው፤ ሥዕል የለበትም፥ ቀለም የለበትም፥ የተጻፈው በተራ እስክሪብቶ ነው። እኔ ሳነበው እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። ወዲያው ልለጥፈው ፈልጌ ነበር። ነገር ግን የሰው ስም ስላለበት ጥቂት ፈራሁና ለፊዚክስ መምህሩ አሳየሁት።

እርሱም አንብቦ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ባዶው ጀሪካን ስንት ይመዝናል?»

ልጅቱ ዝም አለች። እኔም ዝም አልሁ። ባዶውን ጀሪካን አምጥተን በቤተ ሙከራው ሚዛን ብናወጣው አንድ ኪሎ ያህል ሆነ። እንግዲህ ውኃውና ጀሪካኑ በአንድ ላይ 21 ኪሎ ነው። ያመሰገነችው ሰው ሚዛን አንድ ኪሎ ያጎድላል። «የተበላሸ» ያለችው ሰው ሚዛን ግን ከሁሉ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው። ያን ወረቀት በዚያው ቀን ለጥፈነው ቢሆን ኖሮ፥ በጊንጪ ገበያ አጉዳዩ ሲመሰገን እውነተኛው ነጋዴ በልጆች ጽሑፍ ስሙ ይጠፋ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወረቀቱ በሐረግ ተከቦ፥ በወርቅማ ፊደል ተጽፎ፥ ባለ ቀለም ሽፋን ለብሶ ቢመጣልኝ ኖሮ ለፊዚክስ መምህሩ አሳየው ነበርን? አይመስለኝም። ያማረ ነገር የተጣራ ይመስላል። ያን ጊዜ እኔው ራሴ ማተሚያ ቤት እወስደው ነበር፤ ከታተመ በኋላ ደግሞ ስሕተቱን ማን ይመልሰዋል? ሁለት ገጽ ተራ ወረቀት ስለ ሆነ ግን ከስሕተቱ በቀር ዓይናችንን የሚወስደው ነገር አልነበረም፤ ለማረምም ሌላ ሁለት ገጽ ወረቀት በቃ።

ልጅቱ አለቀሰች። በማግስቱ ግን ጀሪካኑን እንደ ገና ሞልታ፥ ባዶውንም ለብቻው ይዛ ዞረች፤ በዚህ ጊዜ ሁለት ጓደኞችዋ አብረዋት ሄዱ። ጽሑፍዋን ከመጀመሪያው ጀምራ ጻፈችው። የነጋዴዎቹ ስም ወጣ፤ የሚዛኖቹ ቁጥር ግን ቀረ። በፊተኛው ጽሑፍ ያልነበረ አንድ አንቀጽም ጨመረች፦ እርስዋ ራስዋ መጀመሪያ እንዴት እንደ ተሳሳተች የሚገልጽ። እኔ ይህን አንቀጽ አላዘዝኋትም።

ሠዓሊው ልጅ የተመለሰው በዚህ ሰሞን ነው። ጽሑፉን አንብቦ ዝም ብሎ ሄደና በማግስቱ በእርሳስ የተሠራ ትንሽ ሥዕል ይዞ መጣ። አንድ ጀሪካን፥ ሦስት ሚዛኖች፥ የየሚዛኑ መርፌ በየቁጥሩ ላይ። ከጎናቸው ባዶ ጀሪካን ብቻውን። ከጽሑፉ በታች ለጠፍነው። ስለ ሥዕል ያለኝን አሳብ ያሻሻለልኝ ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው። የልጅቱ እናት ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ፤ ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው ልታነብላቸው ስትጀምር እርሳቸው ግን ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው፥ ከአንዱ መርፌ ወደ ሁለተኛው፥ ከሁለተኛው ወደ ባዶው ጀሪካን እየሄዱ ነገሩን ሁሉ ከእርስዋ ቀድመው ጨረሱት። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግረው ሳቁ፤ ልጅቱም አፈረችና አልተረጐመችልኝም።

ያን ወረቀት ተማሪዎች በየደብተራቸው እየገለበጡ ወደየቤታቸው ወሰዱት። ገበያ ውስጥ አንድ ቅጅ ሲነበብ አይቻለሁ። አንድ ነጋዴም ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ «የተጻፈው ስለ እኔ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ስም አለመጻፉን ነገርነው። «እንግዲያውስ ሚዛኔን መጥታችሁ እዩልኝ» አለና ሄደ። ልጆቹ ሄደው አዩለት።

በኦሮምኛ የተጻፈ ነገር በዚህ መንገድ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ሳይ፥ አስቴር ጋኖ ትዝ አለችኝ። በባርነት ተይዛ የነበረች፥ በኋላም ነጻ የወጣች ይህች ሴት 500 ያህል ተረትና እንቆቅልሽ፥ ዘፈንም፥ ከአእምሮዋ አውጥታ ጻፈች፤ ከፊሉም በ1886 ዓ.ም. በምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ በታተመ መጽሐፍ ገባ። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና የደከመችበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በ1891 ዓ.ም. ታተመ። በዚያ ዘመን ጽሕፈታቸው በግዕዝ ፊደል ነበረ፤ ዛሬ ልጆቹ በቁቤ ይጽፋሉ። የፊደሉ መልክ እንዲህ ፈጽሞ ሲለወጥ ተረቱ ግን ሊነበብ ይችላል።

አንዱ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ በሌላ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። እርሱ የነገረኝን ሳልጠቅስ ብቀር ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ወንድሞቼ ያደላሁ ይመስላል። በተቀጠረ በጥቂት ወር ውስጥ የመስክ ሪፖርት ጻፍ ተባለ። አሥራ አራት ገጽ አዘጋጀ፦ ባለ ቀለም ሽፋን፥ የምስጋና ገጽ፥ ማውጫ፥ በየገጹም ክፈፍ። አለቃው አገላብጦ «እንዲህ ያለ ሪፖርት አይተን አናውቅም» ብሎ አመሰገነው። በዘጠነኛው ገጽ፥ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ፥ የአንድ ቀበሌ መሻገሪያ ድልድይ መሠረቱ እንደ ተቦረቦረ የሚገልጽ አንድ መስመር ነበረ። ያን መስመር ማንም አላነበበውም። ክረምት ደግሞ ሪፖርት አይቶ አይመጣም፤ በሐምሌ ድልድዩን ጐርፍ ወሰደው። ሰው አልሞተም፤ ግን ያ ቀበሌ እስከ መስከረም መሻገሪያ አልነበረውም። ጓደኛዬ ይህን ሲነግረኝ «ግማሽ ገጽ ጽፌ፥ ጉዳዩ፦ ሊፈርስ ስለ ተቃረበ ድልድይ ብዬ ብሰጠው ኖሮ» አለና ነገሩን ሳይጨርሰው ዝም አለ።

ለልጆቹ ከዚህ አካባቢ ሰው ስነግራቸው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን እጠቅሳለሁ። ከአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለዱት ባለ ቅኔ የመጀመሪያ ተውኔታቸውን፥ የንጉሥ ዲዮኒስዮስንና የሁለቱን ወንድማማች ታሪክ፥ የጻፉት ገና በአምቦ ትምህርት ቤት ልጅ ሳሉ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ካዩት ተመልካቾች መካከል ነበሩ። ሠዓሊውን ልጅ ለብቻው ሳገኘው ደግሞ የነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስን ነገር እነግረዋለሁ። እርሳቸው የዘጌ ሰው ናቸው፤ ወደ ኢጣልያ ተሻግረው ቱሪን ከተማ ውስጥ የተማሩት ሥዕል ነበር። እጃቸው ለብሩሽ የሠለጠነ ሰው በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል 90 ገጽ ያህል መጽሐፍ አሳተሙ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ድርሰት ሁሉ «ልብ ወለድ» ብለን የምንጠራው ከዚያ መጽሐፍ ስም ወስደን ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ቅር እንዳይለው ፈርቼ ነበር። እርሱ ግን «ታዲያ ለመጽሐፋቸው ሥዕል ለምን አልሠሩለትም?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ወረቀታችን እስከ ሰኔ ድረስ ሳይቋረጥ ወጣ። ሁሉም እንደ ሚዛኑ ወረቀት አልነበረም፤ አንዳንዱን ዛሬ ሳነበው ያሳፍረኛል። በመጋቢት ሁለት ጊዜ የሚለጠፍ ነገር አጥተን ነጭ ወረቀት ላይ «ጉዳዩ፦ የሚጻፍ ነገር ስለ መታጣቱ» ብለን ለጥፈናል፤ ከዚህ በታች ተማሪዎች በእርሳስ የጻፉልን አሳብ ግን ለሁለት ወር በቃን። እኔም በበኩሌ ያን ልባጥ ያለውን ደብተር ትቼ፥ ልጆቹ በሚጽፉበት ተራ ወረቀት ላይ ማታ ማታ ጥቂት መስመር እጽፋለሁ። ከተጻፈው የሚበልጠው የተሰረዘው ነው። ይህም ጽሑፍ የተጀመረው በዚያ ወረቀት ላይ ነው፤ በወርቅማው ሽፋን ላይ የነበረኝን ቂም ሦስት ጊዜ ከሰረዝሁ በኋላ ነው እንዲህ የለዘበው።

ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት ክበቡ ባለፈው ዓመት ከለጠፋቸው ወረቀቶች አሥራ ሁለቱን መረጠ። ልጆቹ በየማታው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠው እየተከራከሩ ያርሟቸዋል፤ የሚዛኑ ወረቀት መጀመሪያ ይሁን ወይስ መጨረሻ ገና አልተስማሙም። ሠዓሊው ልጅ ትናንት ስልኩን ይዞ መጣና ሦስቱን ሽፋኖች እንደ ገና አሳየኝ። የጭልሞ ደን እንደ ለመለመ ነው። «ቲቸር፥ ይኸኛውን ላጥፋው መሰለኝ፤ ጀሪካኑን ልሣልበት» አለኝ። ልጅቱ ደግሞ ሁለተኛ ጽሑፍ ጀምራለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ጉዳዩ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ባዶ ትታው ከርማ፥ ዛሬ ጠዋት መጥታ አንድ ሌላ ወረቀት ጠየቀችኝና ሰጠኋት።